ካቮ በእግር ልክ

ጠዋት ከአዲሱ ገበያ አውቶቡስ ስሳፈር ከሹፌሩ ኋላ እቆማለሁ። ባዶ ወንበር ቢኖርም እቆማለሁ። ሰዎች ለመውረድ የቸኮልኩ ይመስላቸዋል። እኔ የማየው የሹፌሩን ግራ እግር ነው፤ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ እስከየት እንደሚያወርደው፣ ሲለቅ የት ላይ እንደሚይዝለት፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ። አሁን የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ እያነበብኩ የተገደፈ ፊደል እለቅማለሁ። ወንበርና መስኮት አለኝ፤ እጄም ጸድቷል። ከዚህ በፊት የመኪና ካቮ ሠራተኛ እንደነበርኩ እዚያ የሚያውቅ የለም። የጠየቀኝም ስለሌለ ሳልጠየቅ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ከጋሞ ተከትለውት እንደመጡት ዘመዶቻችን ሁሉ ልጁ ከጎኑ ቁጭ ብሎ እንዲሸምን ይፈልግ ነበር። እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ሰፈር ለሰፈር እዞር፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ አነብ፣ ግጥም እሞክር ጀመር። አባቴ ለጥቂት ወራት ዝም ብሎ ካየኝ በኋላ አንድ ጠዋት፣ «መቀመጥ ካቃተህ ተኝተው የሚሠሩት ሥራ አውቃለሁ» ብሎ ወደ ጉለሌ ይዞኝ ወረደ።

የወሰደኝ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሁለት መኪና ብቻ ወደሚያስቆም፣ በቆርቆሮ ወደታጠረ ግቢ ነበር። የጋራዡ ባለቤት የነበረው ጣሊያናዊ አገሩ ከገባ ቆይቷል። ግቢውን ከቀበሌ ተከራይተው የሚሠሩበት የድሮ ሠራተኛው ጋሽ ሀብቴ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከቱታቸው ሥር የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ይቆልፋሉ። ሰላም ስላቸው ፊቴን አላዩም፤ ጫማዬን አዩ።

«ውጪ ውጪውን ትረግጣለህ» አሉኝ።

ጫማዬን ገልብጬ ሳየው ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል። ጋሽ ሀብቴ እንዲህ ነበሩ። የደንበኛ ስም አይዙም፣ «ያ ቀኝ ተረከዙን የሚጨርሰው ሰውዬ አልመጣም?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውዬውም ያው በማግስቱ ይመጣል።

ሥራችን በአብዛኛው ሴይቼንቶ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ከተማው በእነዚያ ትንንሽ የጣሊያን መኪኖች የተሞላ ነው፤ ታክሲውም እሱ፣ የቤት መኪናውም እሱ። ሞተሯ ከኋላ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ፊት ለፊት የሚረግጠው ፔዳል ኋላ ካለው ሞተር ጋር የሚገናኘው በመኪናዋ ወገብ ሥር በሚያልፍ ረጅም ካቮ ነው። ካቮ ማለት ከቀጫጭን ሽቦ የተገመደ ገመድ ነው፤ በቱቦ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለነዳጁ አንድ አለ፣ ለእጅ ፍሬኑ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለፍሪሲዮኑ አለ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩን ከጎማው ያላቅቃል፣ ሲለቀቅ መልሶ ያይዛል። ሰው መኪናዬ ትነዝራለች፣ ትዘላለች፣ ማርሽ አልገባ አለኝ እያለ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዚያ ገመድ ነው።

አዲስ ካቮ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። የተበጠሰውን እኛው እንሠራዋለን። ጋሽ ሀብቴ ሽቦውን ከመቁረጣቸው በፊት የሚቆረጠውን ቦታ ግራና ቀኝ በቀጭን መዳብ ያስሩታል፤ ያለዚያ ገመዱ ተፈቶ እንደ ፀጉር ይበተናል። ጫፉን በነሐስ ራስ ውስጥ ያሳልፉና ጥቃቅኖቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ ወደ ውጭ ይገለብጧቸዋል። ሲጨርሱ የተከፈተ አበባ ይመስላል። ከዚያ ስታኞ የሚሉትን የብየዳ እርሳስ አቅልጠው ያፈሱበታል። በዚህ ጊዜ አያናግሩኝም፣ አይተነፍሱምም ማለት ይቻላል። እሳቱ ካነሰ ስታኞው ወደ ውስጥ አይገባም። ከበዛ ሽቦው ሰማያዊ ይሆናል።

«ሰማያዊ ከሆነ ሞቷል» ይላሉ። «ዛሬ ይጎትታል። ነገ ዳገት ላይ ይተውሃል።»

ቱቦውን ደግሞ በላምባ አጥበን ምስማር ላይ እንሰቅለዋለን። አፉ ላይ ከወፍራም ወረቀት የተጠቀለለ ማንቆርቆሪያ እንሰካና ዘይት እንሞላበታለን። ዘይቱ በራሱ ጊዜ ወርዶ በታች እስኪንጠባጠብ ይጠበቃል። መግፋት የለ፣ መንፋት የለ። እኔን የገደለኝ ይህ መጠበቅ ነበር። ጋሽ ሀብቴ ባሬላ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ እኔ ከምስማሩ ሥር እየተመላለስኩ አነበንባለሁ።

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ግጥም ነው፣ ጋሼ።»

«ስለምን?»

«ስለ ዘይቱ።»

«እስቲ በለው።»

አልኩት፦

ጠብ ጠብ ይላል ዘይቱ፣ አይቸኩልም እንደ ሰው፤
ማን ነግሮት ይሆን ደግሞ፣ መንገዱ ጨለማ ነው።

ጥቂት አሰቡ። «ዘይት ዓይን የለውም። ጨለማው ምን ያደርገዋል?» አሉና ሄደው ቱቦውን በታች በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ደርሷል፤ አውርደው።»

ያኔ ተናድጄ ነበር። ከእሳቸው ሌላ ግጥሜን የሰማ ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከሁሉ የሚለያቸው ግን ካቮውን ገጥመው ከጨረሱ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ነበር። ሌላ መካኒክ ፔዳሉን በእጁ ሁለቴ ሦስቴ ገፋ አድርጎ ቁልፉን ይመልሳል። ጋሽ ሀብቴ ባለቤቱ ራሱ ካልረገጠው መኪና አያስረክቡም። ጳውሎስ አካባቢ የሚሠሩ ሲስተር ዘነበች የሚባሉ ነርስ ደንበኛ ነበሩን። ግራ ቁርጭምጭሚታቸው ድሮ ተሰብሮ ሲድን በደንብ አልገጠመም። አንድ ቀን ፔዳሉ ከበደኝ ብለው አመድማ ሴይቼንቶአቸውን ይዘው መጡ።

«መኪናዋ ናት የከበደችው ወይስ እግርዎ ነው የደከመው?» አሏቸው ጋሽ ሀብቴ፣ ጫማቸውን እያዩ።

«እሱን እንዲነግሩኝ አይደል የመጣሁት! እኔ ነርስ ነኝ፣ መኪና አላክም።»

«ይግቡ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ዓይኔን? ሊሰርቁኝ ነው?»

«ምን ይዘው መጡና።»

ሲስተር እየሳቁ ገቡ። ጋሽ ሀብቴ ከመኪናዋ ኋላ ገብተው ተኙ፣ ሁለት ጣታቸውን ካቮው ላይ አሳረፉ። «ይጫኑ። ቀስ። ይልቀቁ። እንደገና። የት ላይ ሲደርስ ነው የሚያምዎት?» ሲስተር እግራቸውን ሩቅ ማውረድ አይችሉም። ስለዚህ ጋሽ ሀብቴ ካቮውን ወጠር አድርገው ፍሪሲዮኑ ገና ከላይ፣ ትንሽ ሲነካ እንዲላቀቅ አደረጉላቸው። ካቮውን የሚወጥረውን ዳዶ አንድ ዙር ያጠብቃሉ፣ «ይጫኑ» ይላሉ፣ ግማሽ ዙር ይመልሳሉ። ብዙ ከወጠሩት ፍሪሲዮኑ ተንሸራቶ ይቃጠላል፤ ብዙ ላላ ካደረጉት እግራቸውን ያማቸዋል። በመካከል ያለችዋን ጠባብ ቦታ የሚፈልጓት በሲስተር እግር ነው። ሲያገኙዋት ሲስተር ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሳቃቸውን ተዉ። ከዚያ፣ «ይኼው፣ እግሬን ረሳሁት» አሉ።

ጋሽ ሀብቴ ከሥር ሆነው ዳዶውን በሁለተኛ ዳዶ አሰሩት።

እንዲህ ስንኖር ቀበሌው ግቢውን ለሸማቾች ማኅበር መጋዘን ፈለገው። ሁለታችንም ወደ ሸጎሌ መውጫ ባለው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርን። ደመወዙ በወር መጨረሻ በፊርማ ይመጣል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አዲሱ ቦታ ሰፊ ነበር። መኪኖቹ ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው የተወረሱ ናቸው። ወንበር አንሥተን ስናጸዳ አንዳንዴ የሕፃን ጫማ፣ የፀጉር ማስያዣ እናገኛለን። የምንመልስለት ሰው ስለሌለ መስኮት ላይ እናስቀምጠዋለን። ሹፌሮቹ በየሳምንቱ መኪና ይቀያየራሉ። ጋሽ ሀብቴ በመጀመሪያው ቀን አንድ ካቮ ገጥመው ከመኪናው ሥር ሆነው፣ «ይህቺ የማን ናት?» ብለው ተጣሩ።

«የሕዝብ ናት፣ ጋሼ» አላቸው ጎሚስታው ደስታ። የእኔ እኩያ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጎማ እየነፋና እየለጠፈ የሚቀልድ ልጅ።

«እሺ፣ ሕዝቡን ጥራልኝና ፔዳሉን ይርገጥ።»

ደስታ ግራ ቀኝ አየ። «ጋሽ ሀብቴ፣ ይቺን ሌላ ሰው ፊት እንዳይደግሟት።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሀብቴ ያገኙትን ሹፌር ሁሉ ያስቀምጡ ነበር። ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መኪና እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ያስቀምጡታል። አንድ መኪና ብቻ ባለቤት የመሰለ ሰው ነበራት። ደብዳቤ የሚያመላልሱት ሽማግሌው ሹፌር ጋሽ ማሞ ከሴይቼንቶአቸው ተለይተው አያውቁም። ጋሽ ማሞ ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ተረከዛቸውን ወለል ላይ ተክለው በጣታቸው ብቻ ነው የሚረግጡት። ጋሽ ሀብቴ ለእሳቸው የሠሩት ለሲስተር ከሠሩት ተቃራኒውን ነው፤ ካቮውን አላልተው ፍሪሲዮኑ ከታች፣ ወለሉ ጋ ሲደርስ ብቻ እንዲላቀቅ አደረጉት። ጋሽ ማሞ ያን ቀን ግቢውን ሁለቴ ዞሩት። በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እንደ ሙሽራ ያውለበልባሉ።

ከወራት በኋላ ጋሽ ማሞ ደረታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። መኪናቸው ለወጣቱ ሹፌር ለግርማ ተሰጠች።

ግቢያችን ተዳፋት ስለሆነ መኪና ሁሉ ማርሽ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቆመው። ግርማ ጠዋት መጥቶ ገባ። በሌሎቹ መኪኖች እንደለመደው ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ረግጦ አስነሣ። በዚያች መኪና ግማሽ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሞተሩ ከጎማው ጋር እንደተያያዘ ነበር። መኪናዋ ዘለለች። ፊት ለፊቷ ደስታ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይነፋ ነበር።

ድምፁን አልረሳውም፣ ግን አልጽፈውም። ደስታ በግድግዳውና በመኪናዋ መካከል ግራ እግሩ ተሰበረ። ተሸክመን ጳውሎስ አደረስነው። ስመለስ ጋሽ ሀብቴን ከመኪናዋ ሥር ተኝተው አገኘኋቸው። ካቮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። እኔም ገብቼ አየሁት። አንድ ሽቦ አልተበጠሰም። ስታኞው እንደተሠራበት ቀን ያበራል፣ ዳዶው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የተበላሸ ነገር የለም። ለሰው ማስረዳት የሚያቅተኝ ይኼ ነው፤ ሥራው ከሠራነው ሁሉ የተዋጣለት ነበር።

በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሂስና ግለ ሂስ ይካሄዳል። ጥፋተኛ የተባለው ይቆማል፣ ሌሎቹ ይሂሱታል፣ ከዚያ እሱ ራሱን ይሂሳል። የጋራዡ ኃላፊ ጓድ ሰለሞን ከስብሰባው በፊት ጠርቶ ጥግ አስያዘኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ጋሽ ሀብቴ አንተን ይሰማሉ» አለኝ። «አጥፍቻለሁ ይበሉ፣ በቃ። ከዚህ ግቢ እንዳያልፍ አደርጋለሁ። ከተከራከሩ ግን ወደ ላይ ይሄዳል፣ እኔም አልችለውም። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ባዶ እጃቸውን ነው የሚባረሩት።»

ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሽ ሀብቴ የነሐስ ራስ በሞረድ እያስተካከሉ ነበር። ሞረዱን አላቆሙም። ከሥራ ሌላ ምንም እንደሌላቸው፣ ቤታቸው ውስጥም ማንም እንደማይጠብቃቸው ያን ጊዜ አውቅ ነበር። ፈራሁላቸው።

በስብሰባው ግርማ መጀመሪያ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ምን ላድርግ? መኪናዋ እኮ መኪና አይደለችም፣ የጋሽ ማሞ እግር ናት» አለ። ከኋላ የሳቀ ነበር።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ እጁን አወጣ። «ይኼ ግለኝነት ነው፣ ጓዶች። የሕዝብ ንብረት ለአንድ ግለሰብ ጉልበት ተብሎ ተለውጧል። ነገ ደግሞ ወንበሩን በግለሰብ መቀመጫ ልክ ይሠሩልናል።»

ሳቁ ጨመረ። አላስቻለኝም፣ ተነሣሁ። ሕዝብ የሚባለው አንድ ትልቅ እግር ይዞ እንደማይሄድ፣ አንዱ እያነከሰ ሌላው እየሮጠ እንደሆነ፣ የሚያነክሰውን የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ። ጓድ ሰለሞን እስክጨርስ ጠብቆ፣ «ጓድ ታምሩ፣ ግጥምህን ለበዓል አቆየው» አለኝ። የባሰ ሳቁ። ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሀብቴ ቆሙ። ማንንም አላዩም፤ ወለሉን፣ የሰውን ጫማ ያያሉ።

«ደስታን ትናንት ሄጄ አየሁት። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ግለኝነት የምትሉትን አላውቀውም። ማሞን ጠየቅሁት፣ ተስማማው። ከማሞ ቀጥሎ ማን እንደሚገባባት ግን አልጠየቅሁም። መኪናው የሁሉ ነው ብላችሁኝ ነበር። ቀልድ መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጓድ ሰለሞን ተነፈሰ። «ግለ ሂሱን ተቀብለናል። ይቀመጡ።»

«አልጨረስኩም።»

ጓድ ሰለሞን ወደ እኔ አየ። እኔም ሊከራከሩ ነው አልኩ በልቤ።

«ከነገ ጀምሮ ሁሉም መኪና በአንድ ልክ ይሁን» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «መለኪያውን ከእንጨት እሠራዋለሁ፣ ታምሩ በእሱ ይለካል። እኔ ከእንግዲህ ካቮ አልነካም። ደስታ እስኪመለስ ጎማውን እኔ እነፋለሁ።»

ማንም አላዘዛቸውም። በማግስቱ የደስታን ፓምፕ ይዘው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አሉ። እኔ ካቮ የምንሠራበት ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። እንጨቷ የጣት ርዝመት ነበራት። ፔዳሉን በእጄ ገፍቼ እለካለሁ፣ ከኋላ ዳዶውን አዞራለሁ፣ ተመልሼ እለካለሁ። ሹፌር አይቀመጥም፣ ከሥር ሆኜ «ይጫኑ» የምለውም የለም። ሥራው ቶሎ ያልቃል። ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው አልነበረም። ሰው ስለ ካቮ ጭራሽ መናገር ተወ። አንዳንዴ የሚጠየቅ ነገር ፈልጌ ወደ ጋሽ ሀብቴ እሄዳለሁ።

«በእንጨቷ ለካኸው?» ይሉኛል።

«ለካሁት።»

«በቃ እንግዲህ» ብለው ፓምፑን ይቀጥላሉ።

ከዚያ ጋሽ ማሞ ድነው ተመለሱ። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ወዲያው ወጡ። ፍሪሲዮኗ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከመሐል የምትይዝ ሆናለች። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ተረከዛቸውን አንሥተው መቆጣጠር አይችሉም።

«ታምሩ፣ ልጄ፣ እንደ ድሮው አድርግልኝ» አሉኝ። «መንዳት ካቃተኝ ዘበኛ ያደርጉኛል። በዚህ እግሬ ሌሊት ቆሜ ላድር ነው?»

አላደርግም ብል ሽማግሌው ከሥራቸው ሊወጡ ነው። ባደርግ ደግሞ እሳቸው ቢቀሩ የሚቀጥለው ሰው ሌላ ደስታ ሊገጭ ነው። ቁልፉን ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ማሞም ጠበቁኝ። ቀና ስል ጋሽ ሀብቴ ፓምፑን ትተው ወደ እኛ ይመጣሉ። ከወራት በኋላ ወደዚያች መኪና ሲቀርቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ኮፈኑን አልከፈቱም። «ግባ» አሉ ጋሽ ማሞን፤ እኩዮች ናቸው። «ተረከዝህን ትከል። ዓይንህን ጨፍን።» በሩ ሥር ተንበርክከው የጋሽ ማሞን ተረከዝ ከነጫማው በእጃቸው መዳፍ ተሸክመው ከወለሉ ከፍ አደረጉት። «ተጫን። ልቀቅ።» መዳፋቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። «ተጫን።» እንዲህ እያሉ ብዙ ቆዩ። ኋላ በሌላ እጃቸው ከወለሉ እስከ መዳፋቸው ያለውን በጣታቸው ለኩና ወደ አናጢው ሄዱ። የተመለሱት የሰው ተረከዝ የሚያሳርፍ ጣውላ ይዘው ነው፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የጎማ ቁራጭ ለጥፈውበታል።

«ማታ ስትወርድ ይዘኸው ትወርዳለህ» አሏቸው። «መኪናው ውስጥ ካሳደርከው አቃጥለዋለሁ።»

ጋሽ ማሞ በየማታው ጣውላቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ጀመር። ጓድ ሰለሞን አይቶ አሳለፈው። ከሳምንት በኋላ ጋሽ ሀብቴን ወደ ጠረጴዛቸው እንዲመለሱ ጠየቃቸው። «ደስታ ይምጣና» አሉ። ደስታ በክራንች መጣ፤ ቁጢጥ ማለት ስለማይችል የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ክፍል አስገቡት። ጋሽ ሀብቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጎማ ነፉ።

የወጡ ዕለት ሻይና ብስኩት ተደረገላቸው። ደስታ፣ «ጋሼ፣ እኔን ከጎማ ገላግለው እርስዎ ገቡበት» ብሎ ቀለደ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ግን አልሳቁም። እስከ አዲሱ ገበያ አብሬያቸው ሄድኩ። አውቶቡስ ስንጠብቅ ብዙ ጊዜ ያፈንኩትን ጠየቅኳቸው።

«ያቺን ጣውላ ያኔውኑ ቢያስቡዋት ኖሮስ፣ ጋሼ?»

«አላሰብኳትም።» መንገዱን እያዩ ነው። «ካቮ አውቅ ነበራ። እግሩን አየሁ ካቮ ታየኝ። የወለሉ ነገር አልታየኝም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሸሚዛቸውን አንገቱ ላይ አስተካክለው ወጡ። ቦታ አግኝተው ሲቀመጡ በመስኮት አየኋቸው፤ ወዲያው አጠገባቸው የቆመውን ሰው ጫማ ማየት ጀመሩ። አውቶቡሱ ሲነሣ ፍሪሲዮኑ ነዘረ። ቀና ብለው ወደ ሹፌሩ አዩ፣ ከዚያ መልሰው አቀረቀሩ። በዚያው ወር መጨረሻ ቁልፎቼን አስረክቤ ከጋራዡ ሥራ ወጣሁ።